ድግግሞሹን ቆጥረው ከመቁረጥዎ በፊት

«ፕሮግራሙ ፕሮቲኔ ውስጥ 5 የደብሊውዲ40 ድግግሞሾች አገኘልኝ፤ በእነዚሁ ወሰን ቆርጬ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላምርተው?» ብለው ለጠየቁን፦ እባክዎ አይቁረጡት። (ደብሊውዲ40 በአንድ ፕሮቲን ሰንሰለት ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣ፣ አብሮ ታጥፎ ቀለበት የሚሠራ ቁራጭ ነው።) እኔ ቆርጬ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ከስሬአለሁ።

1ኛ፦ 5 ስላለዎ 5 ብቻ ነው ብለው አይመኑ። ድግግሞሾቹ እያንዳንዳቸው 40 ገደማ አሚኖ አሲዶች ሲኖሯቸው፣ በቅርጽ እንጂ በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል እምብዛም ስለማይመሳሰሉ የተለወጡት ከፕሮግራሙ ያመልጣሉ። የእኔም 5 ተብሎ፣ አልፋፎልድ (የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብይ ፕሮግራም) የሠራውን ሞዴል ከላይ ሳየው ሰባት ክንፎች እንደ ፕሮፔለር ክብ ሠርተው ተደርድረው አገኘኋቸው።

2ኛ፦ ወሰኑ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ክንፍ አራት ቤታ ፈትሎች (ጎን ለጎን የሚሰለፉ የተዘረጉ የሰንሰለቱ ክፍሎች) አሉት፤ የቅደም ተከተሉ ድግግሞሽ ግን ከክንፉ ጋር አይገጥምም፤ የአንዱን ክንፍ የውጭ ፈትል ይዞ ይጀምርና የቀጣዩን ሦስት ፈትሎች ያስከትላል። ስለዚህ የመጨረሻው ክንፍ ሦስቱን ፈትሎች ከሰንሰለቱ መጨረሻ፣ አራተኛውን ከመጀመሪያው ያገኛል፤ ቀለበቱ እንደ ማቶት ጫፍና ጫፉ ተጠላልፎ የሚዘጋው በዚህ ነው። የጂ ፕሮቲን (በሴል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን) ቤታ ክፍል መዋቅር ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አሳይቶ ነበር፤ እኔ ሳላነብ የፊተኞቹን ሁለት ድግግሞሾች ጣልኳቸው። ሴሎቹን ሰብሬ በሴንትሪፉጅ ሳዞር ፕሮቲኑ ሁሉ በትክክል ሳይታጠፍ ከሥር ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ቀረ፤ ፕሮቲኖችን በመጠን የሚለየው ጄል ላይም የፈሳሹ መስመር ባዶ፣ የዝቃጩ ግን አውራ ጣት የሚያህል ባንድ ነበረው። ባክቴሪያው የሚያመርትበትን ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ ባወርደውም ለውጥ አልነበረም።

አዲስ ፕራይመር (የሚፈለገውን የጂን ቁራጭ ለማባዛት የሚያገለግል አጭር ዲኤንኤ) ለማዘዝ ስሄድ የግዥ ክፍሉ ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ባለፈው የገዛንልህ ምን ሆነ?» አለኝ፤ ከዚያም አራት ወር አስጠበቀኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የደፈርኩት አማካሪዬ «አንኪሪን (ሌላ ዓይነት ድግግሞሽ ያለው ፕሮቲን) ቆርጠን ሠርተናል» ስላሉኝ ነበር። አንኪሪን ግን 33 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሉት ድግግሞሽ እንደ ጡብ እየተደራረበ የሚሠራው፣ ጫፎቹ የማይገናኙ ድርድር ነው፤ ጫፎቹን የሚሸፍኑት ድግግሞሾች ካልተነኩ ከመሐል አንድ ሁለት ቢጎድልም ሊቆም ይችላል። የደብሊውዲ40 ፕሮፔለር ግን ቀለበት ነው።

3ኛ ልል የነበረውን ከዚሁ ጋር ልጨርሰው፦ ሰባቱንም ክንፎች ከመጀመሪያው ፈትል በፊት ካሉት ጥቂት አሚኖ አሲዶች ጋር ይዤ ስሠራው፣ በዚያው ኢ. ኮላይ፣ ከ1 ሊትር 3 ሚሊ ግራም የሚሟሟ ፕሮቲን አወጣሁ፤ አማካሪዬም ጄሉን ፎቶ አንስተው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። እርስዎም የፊተኛው ፈትል የትኛው ክንፍ ውስጥ እንደሚገባ ሞዴሉ ላይ ይዩና የአሚኖ አሲዱን ቁጥር እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ፕራይመሩን ከማዘዝዎ በፊት አብረን እናየዋለን።