ፎቶዎቹ የማይገጣጠሙት ለምንድን ነው? ስለ ፓኖራማ ለቀረበው ጥያቄ

ካሜራውን በእጅዎ ይዘው በተከታታይ ያነሷቸው ፎቶዎች ፓኖራማ፣ ማለትም አንድ ሰፊ ምስል፣ እንዲሆኑ በሶፍትዌር ሲገጣጠሙ በቅርብ ያለው የአጥር ብረት ተቆራርጦ እንደሚታይ፣ ሰማዩ ላይ ፈካና ጠቆር ያሉ ቋሚ መስመሮች እንደሚወጡ፣ አድማሱም እንደሚጎብጥ ገልጸው የሚከፈልበት ፕሮግራም መግዛት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ለጊዜው ባይገዙ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ችግሮች የተፈጠሩት ፎቶው ሲነሳ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በነጻ ፕሮግራምም በቀላሉ ይስተካከላል።

ከሁሉም የሚከብደው የአጥሩ ጉዳይ ነው። አንድ ጣትዎን ከፊትዎ አቁመው ዐይኖችዎን እያፈራረቁ ቢጨፍኑ፣ ጣትዎ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ ሲዘል ያያሉ። ካሜራውን ይዘው በወገብዎ ሲዞሩም ሌንሱ በአንድ ቦታ አይቆይም፤ በሰውነትዎ ዙሪያ ቅስት እየሠራ ይጓዛል፤ ስለዚህ በቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ አንጻር በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቦታውን ይቀይራል። ፓራላክስ የሚባለው ይህ ነው። ሶፍትዌሩ ሩቁን ቢያስተካክል ቅርቡ ይሰበራል፣ ቅርቡን ቢያስተካክል ሩቁ ይሰበራል፤ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊያስማማ አይችልም። ቅርብ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ሁሉም ነገር ከብዙ ሜትሮች በላይ የራቀበት መልክዓ ምድር ከሆነ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ በእጅ ይዞ ማንሳት በቂ ነው።

መፍትሔው ካሜራውን በሌንሱ የብርሃን መግቢያ ላይ ማዞር ነው፤ ይኸውም ሌንሱን ከፊት ለፊት ሲመለከቱ አፐርቸሩ (በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት፣ የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ) ያለ የሚመስልበት ቦታ ነው። ብዙዎች ኖዳል ፖይንት ይሉታል፤ ስያሜው በኦፕቲክስ ትክክል ባይሆንም መግባቢያ ሆኗል። ቦታውን ለማግኘት አንድ ቅርብና አንድ ሩቅ ቋሚ ነገር በአንድ መስመር ላይ እንዲታዩ ካሜራውን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) እና በፓኖራማ ማዞሪያ ላይ ይትከሉ፤ ከዚያም ግራና ቀኝ እያዞሩ፣ ሁለቱ መለያየታቸውን እስኪያቆሙ ድረስ ካሜራውን በማዞሪያው ሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንሸራትቱ። ዙም ሌንስ ከሆነ ነጥቡ ከዙሙ መጠን ጋር ይለዋወጣልና ለሚጠቀሙበት የዙም መጠን ሁሉ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የፓኖራማ ማዞሪያ ከሌለዎት፣ ሌንሱን በአንድ ቦታ አቁመው እርስዎ በካሜራው ዙሪያ በእግርዎ ይዙሩ፤ ፍጹም ባይሆንም ችግሩን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የሰማዩ መስመሮች የሚመጡት ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ብርሃኑን በራሱ ስለሚለካ ነው። ሞዱን ወደ ማኑዋል (ሁሉንም ራስዎ ወደሚወስኑበት) ቀይረው አፐርቸሩን፣ የሹተር ፍጥነቱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ)፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት)፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) እና ፎከሱን ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው አይንኩ። የፖላራይዘር ማጣሪያ (ነጸብራቅን የሚቀንስና ሰማዩን የሚያጠቁር፣ ከሌንሱ ፊት የሚገጠም መስታወት) ካለም ያውልቁት፤ ሰማዩን በጣም የሚያጠቁረው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በሚርቀው አቅጣጫ በመሆኑ ሰፊ ፓኖራማ ላይ ወጥ ያልሆነ ጥቁር ክፍል ይፈጥራል። ካሜራውን በቁመቱ ይዘው እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ከ25 እስከ 30 በመቶ እንዲደራረብ ያድርጉ፤ እኔ ግን አንድ ሦስተኛ ማድረግን እመርጣለሁ።

ለመማር የምመክረው ሁጊን የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። የተመሠረተው ሄልሙት ዴርሽ እ.ኤ.አ. በ1998 በጀመሩት፣ ፓኖራማ ቱልስ በተባለ የፕሮግራሞች ስብስብ ላይ ሲሆን፣ ገጽታው ለጀማሪ ደረቅ ቢመስልም ሥራውን አይደብቅም። በሁለት ፎቶዎች ላይ አንድ ቦታን የሚያመለክቱ ጥንድ ነጥቦችን በራሱ ይፈልጋል፤ ኮንትሮል ፖይንት ይባላሉ። አብዛኛው ጀማሪ ይህን ክፍል ሳይከፍት ያልፈዋል፤ እኔ ግን ብዙውን ጊዜዬን የማጠፋው እዚህ ነው። የነጥቦቹን ዝርዝር ከፍተው በስሕተት መጠን (ጥንዶቹ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው በሚቀረው ርቀት) ይደርድሩት፤ በደመና፣ በሚሄድ ሰው፣ በውኃ ወይም ነፋስ በሚያወዛውዘው ቅጠል ላይ ያረፉትን ሰርዘው ፕሮግራሙ እንደገና እንዲያሰላ ያድርጉ። አማካይ ስሕተቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ፒክሰል በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ለማሳመር ብቻ ነጥብ መሰረዝ ግን አደገኛ ነው፤ የቀሩት በአንድ ጥግ ከተከማቹ ቁጥሩ ያምራል እንጂ ፎቶው አይገጥምም። አሁን በእጅዎ ያሉትን ፎቶዎች ለማዳን ደግሞ በአጥሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች ሰርዘው ሩቁ ብቻ እንዲገጥም ያድርጉ፤ ከዚያም አጥሩ ከየትኛው ፎቶ እንዲወሰድ በማስክ (የፎቶውን የተወሰነ ክፍል ለማስቀረት ወይም ለማካተት በሚያገለግል መሣሪያ) ይወስኑ።

አድማሱ የሚጎብጠው ካሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አዘንብሎ ሳለ ፕሮግራሙ ይህን ሳያውቅ ሲቀር ነው። በሕንፃ ጠርዝ ወይም በምሰሶ ላይ ሁለት ሁለት ነጥቦችን አድርገው ቋሚ መስመር መሆናቸውን ይንገሩት፤ ወዲያው ይቃናል። የእይታው ስፋት ከ100 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ሬክቲሊኒየር የተባለው ፕሮጀክሽን (ሰፊውን እይታ በጠፍጣፋ ምስል ላይ የማስፈሪያ ስልት) ዳርቻዎቹን ስለሚለጥጥ ሲሊንድሪካል የተባለውን ይምረጡ። በዚህኛው አግድም ያሉ ቀጥ ያሉ የሕንፃ መስመሮች ቢጎብጡ የፕሮጀክሽኑ ባሕርይ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

ፒቲጂዩአይን የመሳሰሉ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ሥራ ሲበዛ ጊዜ ይቆጥባሉ፤ ፎቶሾፕና ላይትሩም ካሉዎትም ለቀላል ፓኖራማ ይበቃሉ፣ ኮንትሮል ፖይንቶችን ግን አያሳዩም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የማይገጥም ቦታ ቢቀር፣ ከተገጣጠመው ውጤት ላይ ምክንያቱን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ያልተነኩትን ፎቶዎችና የሁጊንን የፕሮጀክት ፋይል አብረው ይላኩልን።