የሚንቀሳቀሱ የሕንፃ ገጽታዎችን ለመንደፍ ለሚሹ የኪነ ሕንፃ ተማሪ

ውድ ጠያቂ፣

የኪነ ሕንፃ ትምህርትዎን በሦስተኛው ዓመት አቋርጠው ወደ መካኒካል ምህንድስና ቢዛወሩ፣ እንደ ፀሐዩ ሁኔታ የሚከፈቱና የሚዘጉ የሕንፃ ገጽታዎችን ለመንደፍ የተሻለ ዕድል ያገኙ እንደሆነ ጠይቀዋል። ምክሬ እንዳይዛወሩ ነው፤ ይልቁንም ባሉበት ሆነው፣ የሚንቀሳቀስ አካል እንዴት እንደሚያረጅና እንዴት እንደሚጠገን አጥብቀው ይማሩ።

እ.ኤ.አ. በ1987 በፓሪስ የተመረቀውን፣ ዣን ኑቬል ከሌሎች አርክቴክቶች ጋር የነደፈውን የዓረብ ዓለም ተቋም ይመልከቱ። በደቡባዊ ገጽታው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ እንደ ካሜራ ዓይን የሚጠብቡና የሚሰፉ የብረት ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ የብርሃኑን መጠን በሚለኩ ሴንሰሮች እንዲታዘዙ ታስበው የተሠሩ ቢሆኑም፣ ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ተበላሽተው ቆመው ነበር። ሥራው እስከ ዛሬ እጅግ የማደንቀው ነው፤ ሆኖም ያን ያህል ብዛት ያላቸው ረቂቅ ክፍሎች ያን ያህል ብዙ የመበላሻ ሥፍራዎችም መሆናቸውን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቁት የአቡዳቢ አል ባህር ማማዎች ግን ከመስታወቱ ውጭ በተለየ ማዕቀፍ ላይ የተሰቀሉ፣ በእያንዳንዱ ማማ ከ1,000 በላይ የሆኑ ታጣፊ ጥላዎች አሏቸው፤ እነዚህም አስቀድሞ በተሰላ የፀሐይ ጉዞ መሠረት ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ። ጥላው ከመስታወቱ ውጭ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ የሚዘጋ መጋረጃ አብዛኛውን ሙቀት መልሶ ሊያስወጣው አይችልምና።

ስለዚህ በመጀመሪያ የፀሐይን አቅጣጫና ከፍታ በየወቅቱ ማስላትን፣ ቀጥሎም የሞተርና የሴንሰር ቁጥጥርን መሠረታዊ ዕውቀት ይያዙ። ፕሮግራሚንግ የሚያስፈልግዎ ይህን ለመሞከር በሚበቃ መጠን ብቻ ነው። ከዚያም አንድ ጥላ በእጅዎ ይሥሩ፤ ደጋግሞ እንዲከፈትና እንዲዘጋ አድርገው የትኛው ማጠፊያ ቀድሞ እንደሚላላ፣ አቧራና ዝናብ ምን እንደሚያደርጉበት ይመዝግቡ። የሥራ ማሳያዎ ውስጥ ከማራኪው ምስል ጎን ይህን መዝገብና ሠራተኛው የተቃጠለ ሞተር በምን በኩል ደርሶ እንደሚቀይር የሚያሳይ ንድፍ ያካትቱ።

የሚንቀሳቀስ ገጽታ ያላቸው ሕንፃዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ በዚህ ብቻ የሚተዳደር መሥሪያ ቤት አይጠብቁ። የመጀመሪያ ማመልከቻዎን የመስታወትና የውጭ ጥላ ሥራ ለሚያማክሩ የገጽታ ምህንድስና ድርጅቶችና ለአምራቾቻቸው ይላኩ።