ቼኩን አስቀድሚ፣ ኪሳራው ይደርሳል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ባለቤትሽ እዚህ አዳማ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሸጠውን ዕቃ መተካት አቅቶታል። የባንክ ብድር አለ፣ የአቅራቢ ዱቤ አለ፣ ሰው እጅ ያለ ቼክ አለ። አንቺም በደመወዝሽ ተበድረሽ ሱቁ ውስጥ ጨምረሻል። «ኪሳራ ብናሳውጅ ቤታችን ይተርፋል ወይ?» ነው ያልሽው።

ጠበቃ አይደለሁም። የባለሱቆች ሒሳብ ነው የምሠራው። የአጎቴ ብሎኬት ማምረቻ ሲዘጋም ወረቀቱን ይዤ የተሯሯጥኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ቼኩን ያዢው። እኛ ከተማ ቼክ እንደ መያዣ ነው የሚሰጠው። ሲሚንቶው ይጫናል፣ የዛሬ ሁለት ወር ቀን ይጻፍበታል፣ «ሳትነግረኝ እንዳታስገባው» ይባላል። ሕጉ ይሄን ስምምነት አያውቀውም። ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ነው፣ የተጻፈበት ቀን ገና ቢሆንም። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ነገሩ ከዕዳነት አልፎ ወንጀል ይሆናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። ኪሳራ ታወጀ ተብሎ ይሄ ክስ አይቀርም።

አጎቴ ቼክ የያዙትን ሰዎች በሽማግሌ ጠራቸው። አብዛኞቹ በየወሩ የሚከፈል ውል ተፈራርመው ቼኩን መለሱ። ብረት ያቀረበው ሰውዬ ግን ቼኩን ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ አሳየንና መልሶ ከተተው። «ገንዘቤን የምታስከፍልልኝ ይቺ ናት» አለ። እውነቱን ነው። ግማሹን በእጁ ስናደርግለት ነው የለቀቀው። እኔ በሽምግልና አምናለሁ፤ ቼኩ እጅሽ ሳይገባና ውሉ ሳይፈረም ግን እንዳትነሺ።

ቤቱ በባንክ መያዣ ከሆነ ኪሳራ ያድነዋል ብለሽ አትጠብቂ። ባለመያዣ ከመያዣው ላይ ቀዳሚ ነው። በአዋጅ 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ ያ ደብዳቤ ሳይመጣ ሄዳችሁ የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘም ጠይቁ። መያዣ ካልሆነም የንግድ ፈቃዱ በግሉ ስም ከሆነ ሱቁና ቤቱ አንድ ኪስ ናቸው። ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ቢሆን እንኳ ባንኮች የግል ዋስትና ያስፈርማሉ፣ የፈረመውን ወረቀት ፈልጊ። በፍርድ አፈጻጸም የማይነካው ትንሽ ነው፦ ልብስ፣ አልጋ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የሙያ መሣሪያ፣ ለ3 ወር የሚሆን ቀለብ።

አሁን ወደ ኪሳራው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኪሳራ ክፍል በአዋጅ 1243/2013 ተተክቷል። አዲሱ ሕግ ነጋዴው ጨርሶ ሳይወድቅ ዕቅድ አቅርቦ፣ ገንዘብ ጠያቂዎቹ ድምፅ ሰጥተውበት፣ በፍርድ ቤት ሥር ሥራውን መልሶ የሚያደራጅበት መንገድ አለው። ይሄ የሚጠቅመው ሱቁ ገና እየሸጠ ሳለ ነው፤ የሒሳብ መዝገቡም የተስተካከለ መሆን አለበት። ካለቀ በኋላ የሚቀረው ንብረት ተሰብስቦ፣ ተሸጦ፣ በቅደም ተከተል መከፋፈል ነው። የሠራተኞች ደመወዝም ቅድሚያ አለው። ደግሞ ኪሳራ የነጋዴ ነገር ነው፤ አንቺ በደመወዝሽ የተበደርሽው እዚህ ውስጥ አይገባም።

ሰው «ቤቱን በወንድምህ ስም አዙረው» ወይም «ለወረቀት ተፋቱ» ሲላችሁ አትስሙ። ሰፈሩ ሁሉ ጠበቃ ነው። በመክሰሪያ ጊዜ የተደረገ ማዞር በፍርድ ቤት ይሰረዛል፣ ማጭበርበር ከሆነም ሌላ ክስ ይጨምራል።

ዛሬ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጡና የቼኮቹን ዝርዝር ጻፉ፦ ማን እጅ፣ ስንት ብር፣ የየትኛው ቀን። ወደ ጠበቃ ስትሄዱ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። የሰዎቹን ስም ግን እዚህ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊው።