ስላይዱን ተይውና ጥያቄዎቹን ፈልጊ

«ለዓመታት በአካል ሳሰለጥን ኖሬያለሁ። ስላይዱም ማኑዋሉም እጄ ላይ ነው። አሁን ኦንላይን ኮርስ ላደርገው ነው፤ የትኛው ፕላትፎርም ይሻለኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። መልሴ ይረዝማል፣ ታገሺኝ። ይሄን መንገድ ሄጄበታለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ምን እንደምታሰለጥኚ አልጻፍሽም። እኔ ኤክሴል ነው የማሰለጥነው። ያንቺም ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ ልቀጥል።

1. ፕላትፎርሙን ለጊዜው ተይው፤ ስላይዱንም። ስላይድ ማንም ይሠራል። አንቺ ጋ ብቻ ያለው ነገር ሰው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ማወቅሽ ነው። የድሮ ማስታወሻሽን አውጪ። የጠየቁሽን ጥያቄ፣ የተሳሳቱትን መልመጃ፣ በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብለው ቀስ አድርገው ያሉሽን ሁሉ ሰብስቢ። በተለይ የእረፍቱን። በሰው ፊት እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» የሚል ጥቂት ነው። ዋናው ጉድ የሚወጣው ሌላው ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ነው።

እኔ ጋ ለምሳሌ ቪሉክአፕ (VLOOKUP) አለ፤ ከሰንጠረዥ ውስጥ የምትፈልጊውን ፈልጎ የሚያመጣልሽ የኤክሴል ቀመር ነው። ሁሌ የሚበላሸው ቀመሩ ውስጥ የሚሞላው የመጨረሻው ቦታ ላይ ነው። እሱን ካልሞላሽው ኤክሴል ተቀራራቢውን ይፈልጋል። ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያም የለው። እዚያ ቦታ ላይ «ፎልስ» (FALSE) ብሎ መጻፍ ነው መፍትሔው። አዳራሽ ውስጥ በመሃላቸው እየዞርኩ ስክሪናቸውን አይቼ አርመው ነበር። ኦንላይን ላይ ማን ይዞራል? ስለዚህ ሆን ብዬ ያበላሸሁት ፋይል እሰጣቸዋለሁ፣ ስህተቱን ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። ቀን የሚመስል ግን ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያየው ነገርም እንደዚሁ። ስሌቱ እምቢ ሲላቸው ኮምፒውተሩን ነው የሚረግሙት። ይሄ ሁሉ ስላይዴ ላይ የለም።

የግምገማ ፎርሞቹ ላይ ግን አትድከሚ። «አሰልጣኟ ጎበዝ ናት፣ አዳራሹ ይቀዘቅዛል» ነው የሚሉት። ደስ ይላል፤ ለኮርስ ግን አይጠቅምም።

2. ውልሽን አንብቢ። እንዲያውም ይሄ ነው አንደኛ መሆን የነበረበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ።

ለአንድ ድርጅት ለረጅም ጊዜ እየተመላለስኩ አሰልጥኛለሁ። ስሙ ይቅር። ማኑዋሉን የጻፍኩት እኔ፣ መልመጃውን ያዘጋጀሁት እኔ። የእነሱ ድርሻ ሽፋኑ ላይ ያለው አርማ ነው። ኦንላይን ኮርስ ልጀምር መሆኑን ሲሰሙ የስልጠና ክፍሉ አስጠራኝ። ኃላፊዋ ቁጭ በይ እንኳ አላለችኝም። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ማቴሪያሉ የእኛ ነው፤ አንድ ገጽ ብትጠቀሚ ጉዳዩን ለሕግ ክፍል ነው የምመራው» አለችኝ። እኔን፣ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ ያሰለጠንኩትን! የውሉን ቅጂ ስጠይቅ «ፋይሉ የያዘው ልጅ የለም፣ ነገ ነይ» ተባልኩ። ነገም የለም። በስንት ልመና ሲወጣ እውነትም ማኑዋሉንና የስልጠና ሰነዶቹን የእነሱ የሚያደርግ አንቀጽ አለው፣ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል። ስንፈራረም ያነሳው ሰው አልነበረም።

አንቺ ደግሞ ተቀጣሪ ከነበርሽ ይብሳል። በብዙ አገሮች ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት ያዘጋጀው ነገር የአሠሪው ነው። ግን ልብ በይ፦ የቅጂ መብት የሚይዘው የተጻፈበትን መልክ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ቪሉክአፕ አታስተምሪ ሊልሽ የሚችል የለም። የእነሱን ሰንጠረዥ፣ የእነሱን አንቀጽ እንዳለ ማንሳት ነው ጣጣው። ምሳሌዎችሽ ውስጥ የድርጅቱ እውነተኛ መረጃ ወይም የሰልጣኝ ስም ካለም አውጪው።

እኔ ማኑዋሉን ተውኩላቸው። ሁሉንም ከባዶ፣ በአዲስ ምሳሌ ጻፍኩት። የሰልጣኞቹን ጥያቄ የምጽፍባትን አሮጌ ደብተር ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ መኖሯንም አያውቁም። ኮርሱ ከእሷ ነው የወጣው። ከድሮው ማኑዋል በብዙ ይሻላል ስል አላፍርም። ኋላ ላይ የዚያው ድርጅት ሠራተኞች ከኪሳቸው እየከፈሉ ተመዘገቡ። ኃላፊዋ ይሄን ብትሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

3. አዳራሽ ውስጥ ስታሰለጥኚ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለሽ ቆራርጠሽ ልትጭኚው ታስቢያለሽ፣ አውቃለሁ። አታድርጊው። ፊሊፕ ጉዎ፣ ጁሆ ኪም እና ሮብ ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ኢዴክስ (edX) በሚባለው የኦንላይን ኮርሶች ፕላትፎርም ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው ነበር። ለክፍል የተቀረጸ ትምህርት ጥራቱ ጥሩ ሆኖ ቢቆራረጥም እንኳ፣ ለኦንላይን ታስቦ ከተሠራው ያነሰ ነው ተመልካች የሚይዘው። አጭር ቪዲዮም ረጅሙን ይበልጠዋል፤ ምክራቸው ከ6 ደቂቃ በታች ነው። እኛ አሰልጣኞች ደግሞ ሰላምታው ብቻ 6 ደቂቃ ይፈጃል። «ባለፈው እንዳልነው» ማለት፣ ከኋላ ለተቀመጠው መድገም፣ ቀልድ ማስገባት... አዳራሽ ውስጥ ሞቅ ያደርጋል፤ ብቻውን ስክሪን ፊት ለተቀመጠ ሰው ግን ጊዜ ማባከን ነው። ስላይዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል ማንበብም ይቅር። ዓይንና ጆሮ አንዱን ጽሑፍ ሲሻሙ ትምህርቱ ነው የሚጎዳው። ካሜራ ለመግዛት አትቸኩዪ፤ ደህና ማይክሮፎን ይቅደም።

4. ጥያቄ አብዢ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲታይ ደጋግመው ያነበቡት ይሻሉ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ሰልጣኝሽ ቪዲዮውን ደግሞ ስላየ ብቻ ገባኝ እንዳይል በየመሃሉ በጥያቄ ያዢው። ለምርጫ ጥያቄ የተሳሳቱትን መልሶች ከራስሽ አትፍጠሪ። እውነተኛ ሰዎች የተሳሳቱትን አስገቢ። ደብተሯ እዚህ ላይ ወርቅ ናት። አንድ ሰልጣኝ «እንዴት ልክ የምሳሳተውን አወቅሽው?» ብሎ ጽፎልኛል። ከእሱ በፊት ስንቱ ተሳስቶት!

5. ፕላትፎርሙ። ለግለሰቦች የምትሸጪ ከሆነ ሰው የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚወድቅ በዝርዝር የሚያሳይሽን ምረጪ፤ ሌላው ጌጥ ነው። ለድርጅት ከሆነ ግን የራሳቸው የኦንላይን ማሰልጠኛ ሲስተም ስለሚኖራቸው በስኮርም (SCORM) ፋይል አምጪ ይሉሻል፤ ኮርስ በተለያዩ ሲስተሞች ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ የጋራ የፋይል ደረጃ ነው። የትኛውን የስኮርም ስሪት ብለሽ ጠይቂ፦ 1.2 ነው 2004? ብዙዎቹ መልሱን ስለማያውቁት የአይቲ ሰውዬያቸውን በቀጥታ አግኚውና አንድ ትምህርት ብቻ የያዘ ትንሽ የሙከራ ፋይል ላኪለት። ውጤቱ በትክክል መመዝገቡን ካላሳየሽ የቀረውን አትሥሪ። ውል ደግሞ ሳትፈርሚ መጨረሻው ገጽ ድረስ አንብቢ።