ትልቅ ሞኒተር በአነስተኛ ገንዘብ፦ የአባላት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ በጽሕፈትና በኅትመት ዝግጅት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ጎን ለጎንም የተበላሹ ስክሪኖችን እጠግናለሁ። ስለ ሞኒተር ግዢ በየሳምንቱ ስለምጠየቅ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ምን ትሠሩበታላችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ ምን ዓይነት መሰኪያ አለው፣ ጠረጴዛችሁ ከግድግዳው እስከ ደረታችሁ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው። ዋጋ አትጠይቁኝ፤ ዛሬ የምነግራችሁ በሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ሞኒተር የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ሦስቱን ነገሮች ጻፍልኝ።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ጽሕፈት ቤት አለኝ፤ ማመልከቻ፣ ውልና የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ። አሁን ያለኝ 19 ኢንች፣ ያ አሮጌው ሰፊ ያልሆነው ነው። ያገለገለ 32 ኢንች፣ 1920 በ1080 የሆነ፣ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትግዢው። ኢንች የሚነግርሽ ስክሪኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ርዝመት ብቻ ነው። ፊደል የሚሠራው በነጥብ፣ ማለትም በፒክስል ነው። 24 ኢንቹም 32 ኢንቹም ያው 1920 በ1080 ነጥብ ካላቸው፣ ስክሪኑ ሲሰፋ እያንዳንዱ ነጥብ ይወፍራል እንጂ ጽሑፉ አይጠራም። በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ያህል ነጥብ ይሰለፋል። በ27 ኢንች ወደ 82 ይወርዳል። በ32 ኢንች 69 ብቻ ይቀራል። ያንቺ 19 ኢንች እንደ አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ስክሪኖች 1280 በ1024 ከሆነ 86 አለው። ገንዘብሽን ከፍለሽ ካለሽ የባሰ ልትወስጂ ነው።

በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ይህን ችሎ ሊሠራበት ይችል ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ምልክት ነው። ሣልሱ ከእግሩ ሥር አጭር ጭረት አለው፤ ኃምሱ እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት አለው። ቢ እና ቤን፣ ሲ እና ሴን፣ ሊ እና ሌን አስተያዪ። ነጥቡ ወፍራም ሲሆን የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈንና ቤ ቢን ይመስላል። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ ደግሞ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለ ጭረት ነው። አንድ ጊዜ ነጥቡ በሳሳ ትልቅ ስክሪን ላይ የሠርግ ጥሪ አዘጋጅቼ ነበር። «የልጃችን» ማለት ሲገባው «የልዳችን» ተብሎ ተጽፎ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ። ካርዱ በሙሉ ታትሞ ካለቀ በኋላ የሙሽራዋ አባት ናቸው ያሳዩኝ። እንደገና በራሴ ወጪ አሳተምኩት፤ የሰውየው ፊት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ውል የምትጽፍ ሰው ደግሞ ከእኔ የበለጠ ኃላፊነት አለባት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። በፍላሽ አንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ፤ ቢ ቤ፣ ሲ ሴ፣ ሊ ሌ፣ ነ ኘ፣ ደ ጀ የሚሉትን በ10 ቁጥር የፊደል መጠን ጻፊበት። ሻጩ ስክሪኑን ያብራልሽ፤ አንድ ክንድ ርቀሽ ተቀመጪና አንብቢ። ካልለየሽው ተነሺ። ለአንቺ ሥራ ያገለገለ 24 ኢንች አይፒኤስ (ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙም የማይለወጥ የስክሪን ዓይነት) ይበቃል። ገንዘቡ ከተገኘ 27 ኢንች 2560 በ1440 ውሰጂ፤ እሱ በኢንች 109 ነጥብ አለው። የግድ 32 ከፈለግሽም 2560 በ1440 ይሁን፤ ያን ጊዜ 92 ነጥብ ይሆናል፣ ልክ እንደ 24ቱ። ሳታበሪ አትክፈዪ።

ከኮምቦልቻ፦ ለጨዋታ 144 ኸርዝ ይሻላል ወይስ 165?

መልስ፦ ጨዋታ አልጫወትም። ኸርዝ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው፤ ለጽሑፍና ለሂሳብ 60 ይበቃል።

ከኮምቦልቻ፦ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ስክሪንስ?

መልስ፦ ገንዘብህ ውስን ከሆነ ተወው።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ለምን ሞኒተር ይላል? 32 ኢንች ቴሌቪዥን ከዚያ ረክሶ ይገኛል፤ ድምፅም አለው።

መልስ፦ የካርቶኑን ጽሑፍ አንብብ። በርካሽ የሚሸጠው 32 ኢንች ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768 ነው። ይህ በኢንች 49 ነጥብ ነው። ከሶፋ ላይ ሆኖ ኳስ ለማየት የተሠራ ነው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ነጥቡን በዓይንህ ትቆጥረዋለህ።

ከኮምቦልቻ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። 43 ኢንች 4ኬ (3840 በ2160 ነጥብ) ቴሌቪዥን ላይ የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ምንም አልሆንኩም።

ከከሚሴ፦ ወንድሜ፣ አንተ አልሆንኩም ብትልም ዓይንህ ቆይቶ ይነግርሃል። አንገትህስ? 43 ኢንች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ግራና ቀኝ መዞር ሥራ ነው?

ከኮምቦልቻ፦ ጠረጴዛዬ ሰፊ ነው። አንተ ሳታየው እንዴት ትፈርዳለህ?

ከከሚሴ፦ እኔ የምፈርደው ይህን አንብቦ ነገ ቴሌቪዥን ለሚገዛው ልጅ አዝኜ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። የኮምቦልቻው ወንድማችን ልክ ነው፤ 43 ኢንች 4ኬ በኢንች 102 ነጥብ ይዟል፣ ከ24ቱ ይበልጣል። የከሚሴውም ልክ ነው፤ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ርቀት ያለው ሰው አይሞክረው። ነገር ግን ሁለታችሁም ዋናውን አላነሳችሁትም። ብዙ ቴሌቪዥኖች የቀለሙን መረጃ ቀንሰው ነው የሚያሳዩት፤ ለፊልም አይታወቅም፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ትንሽ ፊደል ላይ ግን ዳሩ ይደበዝዛል። በጥቁር ገጽ ላይ በቀይ ጻፉና እዩ። የምስሉን ጠርዝ የሚቆርጡም አሉ፤ በማስተካከያው ውስጥ ለኮምፒውተር የተዘጋጀውን ሁኔታ ፈልጋችሁ ምረጡ። መሰኪያውንም እዩ፦ ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስል መሰኪያ 1.4 የተባለው ዓይነት ብቻ ያለው ላፕቶፕ 4ኬን የሚያወጣው በ30 ኸርዝ ነው፤ የመዳፊቱ ቀስት ወደ ኋላ ሲጎተት ታዩታላችሁ። 60 ኸርዝ የሚሰጠው ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት የሚባለው ሌላ መሰኪያ፣ 1.2 የተባለው ዓይነት ነው።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ እኔም ጠይቄ ነበር። ለሁሉም ነገር የሚሆን ጥሩ ሞኒተር ይንገሩኝ።

መልስ፦ «ሁሉም ነገር» የሚባል ሥራ የለም ልጄ። ሥራ፣ መሰኪያ፣ ጠረጴዛ። ሦስቱን ጻፍ።

ከቆቦ፦ እኛ ዘንድ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ይዋዥቃል። ስታቢላይዘር ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ከስክሪኑ ጀርባ ወይም ከአስማሚው ላይ ያለውን ምልክት አንብብ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የኃይሉ መውረድ ብዙም አይጎዳውም። 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከውጭ የመጣ ዕቃ ግን በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ እንዲህ ሆነው የመጡልኝ አሉ። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው መብራት በሚመለስበት ቅጽበት ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፤ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀህ ሰካ። ይህ ምንም አያስወጣህም። ስታቢላይዘር ካለህ ደግ ነው።

ያገለገለ ስክሪን ስታበራው ብልጭ ብሎ የሚጠፋ፣ ወይም ለመብራት ብዙ የሚቆይ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኃይል ሰሌዳው ላይ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ክፍል) አናቱ አብጦ ነው። ያ በትንሽ ገንዘብ ይጠገናል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅምሃል። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር ካየህ ግን የፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው ገጽ ራሱ ችግር ነው፤ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰደው። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጽ በየተራ ክፈትበት። ሳታበራ አትክፈል።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ገዝቼ በአውቶቡስ ላምጣ ወይስ እዚሁ ልግዛ?

ከሐይቅ፦ እዚሁ ግዛ፤ ቢበላሽ የምትመልስበት ታገኛለህ።

ከኮምቦልቻ፦ አዲስ አበባ ምርጫው ይበዛል። ከጣርማበርና ከሐረጎ ጠመዝማዛ በስተቀር መንገዱ ምን አለው?

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ የአጎቴ ልጅ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ተሰንጥቆ ነው የደረሰው።

ከከሚሴ፦ ጣሪያ ላይ ማን ይጭናል? ጭኑ ላይ ይዞት አይመጣም?

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ 32 ኢንች ጭን ላይ ይያዛል?

መልስ፦ አይያዝም። ስፋቱ ብቻ 71 ሴንቲ ሜትር ነው። በዋናው ካርቶን ውስጥ፣ ቆሞ፣ ፊቱ ወደ ለስላሳ ነገር ዞሮ፣ ከውስጥ ይጫን። በጀርባው አታስተኙት፤ ላዩ ላይ ምን እንደሚጫን አታውቁም። ደሴ ገዝታችሁ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ባቲ የምትወስዱ ደግሞ እንደ ደረሳችሁ አታብሩት። ከብርድ ወጥቶ ወደ ሙቀት የገባ ዕቃ ላብ ያወጣል፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ኃይል ከገባበት ይጎዳል። ካርቶኑን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት። የት ልግዛ ለሚለው፣ አብርቶ የሚያሳይህ ሻጭ ያለበት ቦታ ግዛ። ካርቶን አይከፈትም የሚልህን ተወው።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እንዳሉት ገጹን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። 32ቱ ላይ ሴን ከሲ መለየት አቃተኝ። ጎኑ አንድ 24 ኢንች የሚመስል ነበር፤ እሱ ላይ ሁሉም ጥርት ብሎ ይነበባል። ሻጩ ግን 27 ኢንች ነው ይላል።

መልስ፦ ሜትር ይዘሽ ለኪው፤ ጠርዙን ሳይጨምር የሚበራውን ብቻ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን። 61 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 24 ነው፤ 68 ከግማሽ ከሆነ 27 ነው። የምትከፍዪው በለካሽው ልክ ይሁን።

ከወልዲያ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፤ አሁን ገባኝ። የሂሳብ ሥራ ነው፣ ሰፋፊ ሰንጠረዥ እሠራለሁ። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ አለው፣ ዓይነቱን አላውቅም። ጠረጴዛው 45 ሴንቲ ሜትር ነው።

መልስ፦ አሁን ጠየቅህ። በ45 ሴንቲ ሜትር ላይ 27ም 32ም አታስብ፤ የስክሪኑ መቆሚያ ራሱ ከዚያ ላይ ቦታ ይወስዳል። 24 ኢንች 1920 በ1080 ግዛ፤ ለዚህ የትኛውም ኤችዲኤምአይ ይበቃል። ላፕቶፑን ሳትዘጋ ጎን ለጎን ተጠቀምባቸው፤ ሰንጠረዡ በአንዱ ላይ፣ ደረሰኙ በሌላው ላይ ይሁን። የተረፈህን ገንዘብ ለአናጺ ሰጥተህ ጠረጴዛውን ወደ 70 አስፋው፤ ትልቁን ስክሪን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።