የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መቁረጥ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የትውልድ መንደሬ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አጥሮታል። ሰበካ ጉባኤው የግቢውን ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች ሸጦ በምትካቸው ባሕር ዛፍ ሊተክል ነው። ስንቃወም «ዛፍ ታቦት አይደለም» ተባልን። መቁረጡ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ወንድሜ። እውነት ነው፣ ዛፍ ታቦት አይደለም። ደርቆ የወደቀ ግንድ ለጥገና ቢውል ነውር የለውም። ከበሯችንስ ከዋንዛ አይደል የሚሠራው?

ግን እሑድ ጠዋት ግቢውን ልብ ብለህ እይ። የቤተ ክርስቲያን ክፍሎች ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ናቸው እያልን እናስተምራለን። «ዛሬ አልገባም» ያለው ሰው ግን የት ቆሞ ያስቀድሳል? ወይራው ሥር ነዋ! ነጠላውን አጣፍቶ፣ ግንዱን ተደግፎ፣ ቅዳሴውን ከዚያ ይሰማል። ዛፉ ሲቆረጥ የዚያ ሰው ቦታ አብሮ ይሄዳል።

እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው (ዘፍ. 2፥15)። መዝሙር 103ም ወፎች በዛፎቹ ላይ ጎጆ እንደሚሠሩ ይናገራል። ወፏ የወይራውን ፍሬ በልታ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥለዋለች፤ እንዲህ ነው ወይራ የሚተካው። ንቧም ከዛፉ አበባ ቀስማ ሰሟን ትሰጠናለች፣ እኛ ደግሞ ጧፍ እናበራበታለን።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ፣ የአገሩ ዛፍ የቀረው በአብዛኛው እዚያ አጥር ውስጥ ነው። ይህን ሸጦ ባሕር ዛፍ መትከል ለእኔ ኪሳራ ነው። ባሕር ዛፍን አልጠላም፣ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ስንቱን ቤት አቁሟል፤ ማገዶም ሆኖናል። ቦታው ግን ከግቢው ውጭ፣ ከጠበሉም ራቅ ብሎ ነው።

እንግዲህ ኃጢአቱ ምሳር ማንሣቱ ላይ ብቻ አይደለም። የአባቶችን አደራ ለአንድ ዓመት ወጪ መሸጥ ግን በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአስተዳዳሪው ጋር በእርጋታ ተነጋገሩ። ገንዘብ ካስፈለገ ዛፎቹ መሐል ቀፎ ስቀሉና ማሩን ሽጡ። አጥሩን በድንጋይ ካቡት፣ ከብት ገብቶ ችግኝ እንዳይረግጥ። ካልተግባባችሁ ምሳሩ ሳይነሣ ለወረዳው ቤተ ክህነት አመልክቱ።