ፍሎበር በጠባብ ግቢ፤ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው

ጥያቄህን አየሁት። ጅማ መንቲና አካባቢ ተከራይተህ ነው የምትኖረው፣ ግቢው ውስጥ አምስት አባወራ አለ፣ በፍሎበር፣ ማለትም በአየር ግፊት በሚተኩሰው ጠመንጃ፣ ኢላማ መምታት መለማመድ አምሮሃል፣ "ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ምን ላድርግ?" ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ሄርማታ በኩል ነኝ። አራት ዓመት ሆነኝ። ድምፁን ለጊዜው ተወው፤ መጀመሪያ ጥይቷ የት እንደምታርፍ አስብ።

እኔ ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው። በጀመርኩ ሰሞን ካርቶን ላይ ክብ ስዬ ግቢ ያለው አቮካዶ ግንድ ላይ ቸነከርኩት። ግንዱ ወፍራም ነው፣ ከኋላው ደግሞ ቆርቆሮ አጥር አለ፣ በቃኝ አልኩ። አንዷ ሳተች። ከአጥሩ በላይ አልፋ የጎረቤት ማድ ቤት ቆርቆሮ ላይ ጧ! አለች። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ አዴ ነው የሚላቸው። መዳፋቸውን ዘረጉ። ጥፍጥፍ ያለች እርሳስ።

"ልጄ፣ ይቺ ያንተ ናት?"

ዝም አልኩ።

"ረከቦቱ ሥር ነው ያገኘኋት። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ነበር።"

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ነክቼው አላውቅም።

ስለዚህ ክፍት ግቢ ውስጥ አትተኩስ። አጥር ምንም አያስቆምም፣ የሳተች ጥይት ደግሞ መቶ ሜትር አልፋም ዓይን ታጠፋለች። ቤት ውስጥ ወይም ዳርና ዳሩ ግድግዳ የሆነ ኮሪደር ፈልግ፣ አንተ እየተኮስክ ሳለ ማንም ከፍቶ የማይገባበት። እኔ አሁን የምለማመደው ከሳሎን ወደ ጓዳ ነው፣ የጓዳው የውጭ በር ከውስጥ ይቀረቀራል። ርቀቱ 5 ሜትር ከምናምን ነው። ያንሳል እንዳትል። የኦሎምፒኩ የአየር ጠመንጃ ውድድር ራሱ 10 ሜትር ላይ ነው፣ ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ የአሥር ነጥቧ ማዕከል ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ነጠብጣብ ናት። ኢላማውን በግማሽ አሳንሰህ አሳትም፣ 5 ሜትር ላይ ልክ እንደ 10 ሜትሩ ሆኖ ይታይሃል። ብቻ ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ በላይ ስለሆነ፣ 10 ሜትር ላይ ያስተካከልከው መሣሪያ 5 ሜትር ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመታል። መሣሪያው ተበላሸ ብለህ እንዳትፈታታው፣ እኔ ፈታትቼ አንድ ብሎን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ዋናው ጥይቷን የሚያስቀረው ሳጥን ነው። አናጺ ዘንድ ሄጄ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የጣውላ ሳጥን አሠራሁ፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲም ይሆናል። ጀርባው ላይ 3 ሚሊ ላሜራ አለው። ውስጡን በአሮጌ ልብስና በተቆራረጠ የቡና ጆንያ ጠቅጥቄ ሞላሁት፣ ጅማ ላይ ጆንያ አይቸግርም መቼም። ፊቱን በካርቶን ሸፈንኩ፣ ኢላማው እሱ ላይ ይለጠፋል። ልብ በል፣ ጨርቁ መሃሉ ላይ ይበላል። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ስተኩስ ድምፁ ተለወጠብኝ፣ ከፍቼ ሳይ ጥይቶቹ ላሜራውን ይወቅጡት ነበር፣ መሃሉ ድስት የሚያህል ጉድጓድ ሆኗል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ አውጥቼ እንደገና እጠቀጥቃለሁ። ሳጥኑን ባዶ ብሎኬት ላይ አታስደግፈው፣ ከኋላው ፍራሽ ጣል አድርግበት። የብረት ድብልብል ጥይት ደግሞ አትግዛ፣ ነጥሮ ወደ ራስህ ይመለሳል። በእርሳሱም ቢሆን መነጽር አድርግ።

ድምፅ ላልከው ሳጥኑ ግማሹን ጨርሶልሃል። ባለ ሞላ ፍሎበር ራሱ ያን ያህል አይጮህም፣ ጎረቤት የሚሰማው ጥይቷ ደረቅ ነገር ስትመታ ነው። የቀረውን የጅማ ዝናብ ይጨርሰዋል፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን ፍሎበር የራስህንም ድምፅ አትሰማም። ግን ተደብቄ ልተኩስ ብለህ አታስብ። ቀድመህ ንገራቸው፣ አስገብተህ ሳጥኑን አሳያቸው። እኔ ለአዴ አሳየኋቸው፣ ጆንያውን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው "እሺ፣ ልጆች ሲተኙ ግን ተው" አሉኝ። በቃ።

ሕጉን በተመለከተ ጓደኛ የነገረህን አትመን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1177/2012። ከመግዛትህ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ፣ መልሱን በወረቀት ካገኘህ ደግሞ አሪፍ ነው። ከቤት ይዘኸውም አትውጣ። አንዴ በጨርቅ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ይዤው ስሄድ ሰደፉ ብቅ ብሎ ኖሯል፣ ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ዳር ይዞ ቆመ። ፍሎበር ነው ብትል ማን ይሰማሃል? ከሩቅ ሲያዩት መሣሪያ መሣሪያ ነው።

ሌላው፣ ልምምድ ማለት መተኮስ ብቻ አይደለም። እኔ በቀን ከ20 ጥይት በላይ አልተኩስም። ከዚያ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ሳልጎርስ፣ ሞላውን ሳልስብ፣ ዝም ብዬ ይዤ አነጣጥራለሁ። ትንፋሽ አወጣለሁ፣ መጨረሻው ላይ እይዛለሁ፣ አፈሙዙ የት እንደሚዋዥቅ አያለሁ። ባለ ሞላውን ያለ ጥይት ግን አትተኩሰው፣ ሞላው የሚገፋው ፒስተን የሚያቆመው አየር አጥቶ ሄዶ ይጋጫል፣ ቶሎ ይበላሻል። ስትተኩስ ደግሞ አጥብቀህ አትነቀው። ጥይቷ ከአፈሙዙ ሳትወጣ በፊት ነው ሞላው የሚነቀንቅህ፣ ለስለስ አድርገህ ያዘው፣ ቃታውን ከሳብክም በኋላ አንድ ሁለት እስክትል አትነቃነቅ።

እጅህን ታጠብ፣ እርሳስ ነው። ጫት እየቃመ ጥይቱን ከንፈሩ ላይ ደርድሮ በዚያው ጣቱ የሚጎርስ ልጅ አውቃለሁ፣ መክሬው አልሰማኝም። ልጆች "ርግቧን ምታልኝ" ሲሉህም እሺ አትበል፣ አንዴ እሺ ካልክ ሁሌም ደጅህ ናቸው።

ዝገቱንም እንዳትረሳ፣ የኛ አገር እርጥበት አይምርም። ቀጭን ዘይት በነካ ጨርቅ ውጩን ጥረገው፣ ፒስተኑ ውስጥ ግን ዘይት አትጨምር፣ ሲጨመቅ ይቀጣጠላል።

አሁን አንተ የቤትህ ርዝመት ስንት ሜትር እንደሆነና ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት ጻፍልኝ፣ ሳጥኑን የት ብታስቀምጠው እንደሚሻል እነግርሃለሁ።